ማር ይዞ የሄደ መርዶ

አስኩዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፤

ዝናብ እየጣለ ነበር የሸኘንሽ። አሁን ቡናው ቀልቷል፣ ለቀማውም ተጀምሯል። ከተለያየን ይህን ያህል ሆነን። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ደህና ያልሆነው እኔ ነኝ። ይህን በሰው ፊት አልናገረውም፤ በወረቀት ግን አላፍርም። የዕድሩ ሰዎችም ካነበቡት ያንብቡት።

የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ልጃችን ሀብታሙ "አባዬ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፈው" ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ለሚስቴ የምለውን በልጄ እጅ አላስጽፍም። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ አንቺ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሠርተፊኬትሽን ስትቀበዪ እኔ "ጰ" ላይ ቀርቼ የሳቅሽብኝን አልረሳሁም። ይኸው ጻፍኳት። አየሻት? እግሯ ትንሽ ተጣመመ እንጂ ቆማለች።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። የጓሮሽ እንሰት ቅጠሉ ተንዠርግጎ መተላለፊያውን ዘግቶታል። የጎረቤት ሴቶች መጥተው "እንፋቅልህ?" ቢሉኝ "ተዉት፣ ባለቤቷ ትመጣለች" አልኳቸው። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ተያይተው ሄዱ። ድመትሽ ሌላ ቤት ገብታለች፤ አልፈርድባትም፣ እኔ የምሠራውን ሽሮ ሰውም አይበላው። ሀብታሙ ባጃጁ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ ሰንብቶ "ተሳፋሪ ሸሸኝ" ብሎ ፈታው። ተቆጣሁት። ማታ ሳየው ግን ጨርቁን ከወንበሩ ሥር አጥፎ አስቀምጦታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጃችንን ዘውዴን ነግሬያታለሁ። እንዴት እንደነገርኳት ነው የምጽፍልሽ።

የሞትሽ ለት ሀብታሙ ስልኩን አንስቶ ለእህቱ ሊደውል ሲል እጁን ያዝኩት። መርዶ በሽቦ አይነገርም አልኩት። "አባዬ፣ ይሄ እኮ ሽቦ የለውም" አለኝ። ሽቦ የሌለውማ ይብሳል፤ የሚይዘው የለም ማለት ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለስንቱ ቤት አብረን ሄደናል። ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ደጅ ይቆማል። አንድ ሽማግሌ ይቀድማል። ነገሩ ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ ዘመድ ወገቧን ይይዛታል፣ እንዳትወድቅ። በስልክ የሰማን ሰው ማን ይይዘዋል?

እሷ ደግሞ በሰልስትሽ ደወለች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው። ሀብታሙ ወደ ጓሮ ሮጦ አነሳው፤ እኔም ተከተልኩት። "እማዬን አገናኘኝ" ትላለች። "ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" አላት። "የምን ጫጫታ ነው?" ብትለው "የጎረቤት ሠርግ ነው" አላት። በነሐሴ ሠርግ! ልጅሽ ሲዋሽ እንኳ ወቅት አያውቅም። እሷ ግን ስቃ "ለሙሽሮቹ እልል በልልኝ" አለችው። ሰምቻታለሁ። በአንድ ጆሮዬ የዘውዴን ሳቅ፣ በሌላው የድንኳኑን ልቅሶ ሰማሁ። ይህን ሁለተኛ እንዳያሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ጠበሉ ረዘመ። እሑድ በመጣ ቁጥር ሀብታሙ አንድ ውሸት ይጨምራል። ከአገር ሰው አንዱ አፉ ስቶት "እግዜር ያጽናሽ" ብሎ ቢደውልላት፣ ልጃችን በሰው አገር፣ ምናልባት መንገድ ላይ፣ ምናልባት ሰው መሀል፣ ብቻዋን ልትወድቅ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። አርባሽ እንደወጣ ተነሳሁ።

ትስቂ ይሆናል። ዘውዴ ሞያሌ ለንግድ ወርዳ፣ ድንበር ተሻግራ፣ ፈረንጅ ተራራ ሊያይ በሚጎርፍባት ናንዩኪ በምትባል ትንሽ የኬንያ ከተማ ባል አግብታ ስትቀር፣ "እግሬ ደጃፏን አይረግጥም" ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ያልኩትን አላልኩም አልልም። ግን የማልኩት ለሠርጓ ነው። ለመርዶ አልሄድም ብዬ አልማልኩም። ይህንኑ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው፤ ፂማቸውን አሻሹ።

እንዳትጠረጥር ብዬ ጥቁሩን ኮቴን ከሻንጣው ሥር ቀበርኩት። ለፋሲካ የምለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ። ያሳደግሁትን የሐዘን ፂም ተላጨሁ። መርዶ ነጋሪ ስጦታ አይዝም፤ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። ስለዚህ እኔ ማር ያዝኩ። ካንቺ በኋላ ጎረምሶቹ ከማንኪራ ጫካ ቀፎ ያወረዱልኝን ነጭ ማር ባልዲ ሙሉ አድርጌ ክዳኑን በላስቲክ ጠፍሬ አሰርኩት። በብልሃቴ ኮራሁ። አንቺ ብትኖሪ እንኳ የማታስቢው ነው ብዬ ኮራሁ።

ለካ አንቺ በየጊዜው በድብቅ ማር ትልኪላት ኖሯል! ናንዩኪ ጋራዥ ያለው አስር አለቃ ብርሃኑ የሚባል ያገራችን ሰው እየተቀበለ ያደርስላት እንደነበር ሀብታሙ የነገረኝ ጉዞዬን ሳሰናዳ ነው። ማሩ ለምን ቶሎ ቶሎ ያልቃል ስልሽ "እንግዳ በዛ" ትዪኝ ነበር። ይሁን። የሚነድፍሽን ንብ እንኳ አትነኪም ነበር፤ እኔን ግን እንዲህ አድርገሽ አታለልሽኝ።

ከቦንጋ ጨለማው ሳይገፈፍ ወጣሁ። ጎጀብን ተሻግሬ የማውቀው እስከ ጅማ ነው። አዲስ አበባን ከመናኸሪያ መናኸሪያ ስሄድ ብቻ አየኋት። አልወደድኳትም፤ እሷም ያየችኝ አይመስለኝም። ከዚያ የሞያሌው አውቶብስ ላይ ተሳፈርኩ፣ ባልዲውን ታቅፌ። ዲላ ላይ ምሳ ብለው ሲያቆሙን የአገሩ ንብ ሸትቶት በመስኮት ገባ። ሴቶቹ ጮኹ፣ አንዱ ወጣት በነጠላ ተጠቅልሎ ወንበር ሥር ገባ። ረዳቱ መጥቶ "አባት፣ ባልዲውን ጣሪያ ላይ እንጫነው" አለኝ። እምቢ አልኩ። "እንግዲያው ለንቦቹም ትኬት ይቁረጡላቸው" አለኝ። አውቶብሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ብዬ የምሄድበት ነገር ትዝ ሲለኝ አፌን ገጠምኩ። አጠገቤ የተቀመጠው አስተማሪ "ምነው አባት፣ ተቀየሙ?" አለኝ። አልተቀየምኩም አልኩት። መርዶ የያዘ ሰው ከሰው ጋር አይስቅም ብዬ እንዴት ልንገረው። ማር ነው የያዝኩት፤ የሚታየው እሱ ነው።

ሞያሌ አንድ መንገድ ናት፣ በመሀሏ ድንበር ያለባት። በእኛ በኩል ያለው ሹም ፓስፖርቴን አገላብጦ "የጉዞ ምክንያት?" አለኝ፣ ቀና ሳይል። ለእሱ እውነቱን ነገርኩት። ለልጄ የእናቷን መርዶ ልነግር ነው አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ከመቀመጫው ተነሳ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። "እግዜር ያጽናዎት አባቴ፣ ይለፉ" አለኝ። ከቦንጋ ጀምሮ ያጽናህ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እኔው ደብቄ ማን ይበለኝ። ድንበሩ ላይ ከተጋደመው እንጨት ወዲያ ያለው ኬንያዊ ግን ያገራችንን አፍ አያውቅም። ነጩን ሸሚዜን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ "ቱሪስት?" አለኝ። ምን ልበለው? ራሴን ነቀነቅሁ። ማኅተም መታልኝ። እንዲህ ሆኖ ባልሽ ቱሪስት ተብሎ ገባ።

እዚያ ነው የተታለልኩት። ትኬት ላይ "9" ብለው ጻፉልኝ። ቁጥር ደግሞ አንቺም ትመሰክሪያለሽ፣ ማንም አይበልጠኝም። በዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ባልዲዬን ይዤ ስደርስ አውቶብሱ ጧት ሄዷል። ጮኽኩባቸው፤ ትኬቱን አሳየኋቸው። ጫልቱ የምትባል ሻይ ሻጭ ሴት ናት ያስረዳችኝ። "አባቴ፣ እነሱ በአፋቸው እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፣ ወረቀታቸው ግን እንደ ፈረንጅ ነው። በአፋቸው ሦስት ሰዓት ብለው ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ይጽፋሉ" አለች። ታዲያ የትኛው ነው ልክ? ብላት "አውቶብሱ የሄደበት" አለችኝ። እሷ ቤት አደርኩ። የማሩን ሽታ ስትሰማ "ሠርግ አለ እንዴ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ሀብታሙን ስወቅስ ከርሜ እኔም በጥቅምት ሠርግ ደገስኩ።

በማግስቱ ያለው መንገድ መንገድ አይደለም። ጥቁር ድንጋይና ቀይ አቧራ፣ ጠመንጃ የያዘ ፖሊስ ከሹፌሩ ጎን። ሹፌሩ ደግሞ በቀኝ ተቀምጦ መኪናውን በግራ ይነዳል፣ አገሩ እንዲያ ነው አሉ። ከፊት መኪና በመጣ ቁጥር አለቀልኝ ብዬ አማተብኩ። ኋላ ደከመኝና ተውኩት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሞትን መፍራት ምን እንደሚጠቅመኝ አሰብኩ። ልጅቷ ሳትሰማ አትሙት አልኩ ለራሴ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለገህ።

ኢሲዮሎ አድረን ወደ ደጋው ስንወጣ አገሩ ተለወጠ። ብርድ መጣ፣ ዛፍ መጣ፤ ቦንጋ የተመለስኩ መሰለኝ። ተራራው አናቱ ላይ ነጭ ለብሷል። ፈረንጆች መኪና እያቆሙ ፎቶ ያነሱታል። ናንዩኪ ከሥሩ ናት። ሆቴል፣ የጌጣጌጥ ሱቅ፣ የእንጨት ቀጭኔ የሚሸጥ ጎረምሳ። አንዱ ቀጭኔ ይዞ ተከተለኝ። ቱሪስት ነኝ እኮ።

መጀመሪያ አስር አለቃ ብርሃኑን ፈለግሁ። መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ ተሻግሮ የቀረ ወታደር ነው፤ አሁን ብረት ይበይዳል፣ ጎማ ይነፋል። ስሜን ስነግረው ከመኪና ሥር ወጣ። ባልዲውን አይቶ "እትዬ አስካለስ?" አለኝ። ያኔ ዓይኔን አየና እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቆሻሻ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንቺን አይቶሽ አያውቅም፣ ማርሽን ብቻ ነው የሚያውቀው። አለቀሰልሽ።

መርዶ ብቻዬን አልነግርም፣ ሰው ሰብስብልኝ አልኩት። "ሰው የለም አባቴ፤ ያገራችን ሰው ጥቂት ነው" አለ። ከዚያ የራሱን ነገረኝ። የእናቱን መሞት የሰማው ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሹፌሩ ጎማ እያስነፋ "እናትህ ካረፉ ቆዩ አይደል? ነፍስ ይማር። በደንብ ንፋው፣ ሩቅ ነኝ" አለው። ብርሃኑም ነፋለት። ሌላ ምን ያደርጋል። "ነፍቼ ስጨርስ ሄደ፣ ከዚያ የማለቅስበት ቦታ አጣሁ" አለኝ። ተነሣና "ነገ ጎህ ሲቀድ ሰው አመጣለሁ። ዛሬ ግን እንግዳ ሆነው ቤቷ ይደሩ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ እኔ ዘንድ ቢያድሩ ሳይነጋ ትሰማለች" አለኝ።

ስለዚህ አንድ ማታ መዋሸት ነበረብኝ።

ቤቷ ከከተማው ዳር፣ አንድ ትልቅ ቢጫ ምልክት አጠገብ ነው። ምድርን ከመሀል የሚከፍል መስመር እዚያ ያልፋል ይላሉ። ፈልጌ አጣሁት። ሞያሌ እንኳ አንድ እንጨት አጋድመዋል፤ እዚህ ሣር ብቻ ነው። ፈረንጆች ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ በመሀል አንድ ረዥም ሰው የተበሳ ሳህን ውስጥ ውሃ ያፈሳል፣ ክብሪት እንጨት ይጥልበታል። ከምልክቱ ወዲህ ሲሆን ውሃው እንጨቱን በአንድ በኩል ያዞረዋል። ጥቂት ተራምዶ ወዲያ ሲሻገር በሌላው በኩል ያዞረዋል። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ሰውየው ወደ እኔም መጣ፣ ጥርሱን አሳየኝ፣ ሳህኑን አስጠግቶ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለኝ። እንደ ቱሪስት ቆጥሮኛል። አማችሽ ሙዋንጊ እሱ ነው። ውሃ የሚያዞር ሰው አገባች ያሉኝ እውነት ነው።

ዘውዴ ከጌጣጌጥ ሱቋ ወጣች። አየችኝ። አስኩ፣ መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም። ከኋላዬ ነው ያየችው። አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ማን እንደሚመጣ ፈለገች። ከዚያ ነው ጉልበቴ ላይ የተደፋችው። "እማዬስ?" አለች እዚያው። ጠበል ናት አልኳት፣ ማር ልካልሻለች። የሀብታሙን ውሸት በገዛ አፌ ደገምኩት፤ እንደሱም አልተንተባተብኩም።

ቤት ገባን። ባልዲውን ከፈተች። በጣቷ ነካ አድርጋ ልትልስ ብላ ተወችው። ትክ ብላ አየችው። ክዳኑን መልሳ ገጥማ "ጭሱ ዓይኔ ገባ" ብላ ወጣች። ምድጃው አልነደደም ነበር። ይህን እንኳ አላስተዋልኩም፤ በብልሃቴ ገና እየኮራሁ ነበር። ተመልሳ እራት አቀረበች፣ ስለ ቦንጋ ጠየቀችኝ፣ አስፋልቱ የት ደረሰ፣ እነ እገሌ ወለዱ ወይ። ሳቀችም። ስለ አንቺ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ይሄንንም አላስተዋልኩም።

ልታስተኛኝ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። አዲስ አልጋ፣ ላስቲኩ ከእግሩ ያልተላጠ። "የማን ነው?" አልኳት። "የእማዬ" አለች። ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ መጥተሽ ልትሰነብቺ ቃል ገብተሽላት ኖሯል። ለኔ አልነገርሽኝም። ብትነግሪኝ እምቢ እንደምል ስለምታውቂ ነው፤ እምቢም እል ነበር። ላንቺ በተገዛው አልጋ ላይ ተኛሁ አስኩ፤ በግድግዳው በኩል ያለውን ያንቺን ቦታ ትቼ፣ እንደ ልማዴ በዳሩ በኩል።

ሳይነጋ ሾልኬ ወጣሁ። ግቢው ባዶ ነበር፣ በሩ ዝግ ነበር፤ ይህን አስታውሺልኝ። ጥቁር ኮቴን መንገድ ላይ ለበስኩ። አስር አለቃ ብርሃኑ ቃሉን ጠብቋል። አንድ የቦረና ሥጋ ሻጭ፣ አንዲት የወሎ ሴት ልብስ ሰፊ፣ የጋራዡ ኬንያውያን ሠራተኞችም ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰዋል። አንደኛው ለማን እንደሚያለቅስ እንኳ አያውቅም። መጥቷል ግን። ሰልፍ ይዘን ሄድን። በአማርኛ የምለውን መንገድ ሙሉ አጥንቼዋለሁ፦ ልጄ ሆይ፣ የሰው ልጅ ሁሉ መንገደኛ ነው፤ ብዬ ነው የምጀምረው።

ደረስን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ እሳት ተቀጣጥሏል፣ እጅ መታጠቢያ ውሃ ተቀድቷል። ዘውዴ ምንጣፍ ላይ መሬት ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ከኋላዋ ሙዋንጊ ተንበርክኳል፣ ሁለት እጁን ወገቧ አጠገብ ዘርግቶ። እንዴት እንደሚይዛት ነግራዋለች። ሁሉን አሰናድታ መርዶዋን ትጠብቃለች።

ቀና ብላ "አባዬ፣ ንገረኝ" አለች።

ያጠናሁት አማርኛ ጠፋኝ። መንገደኛውም ጠፋ፣ የሰው ልጁም ጠፋ። በኛው አፍ፣ በካፊኖኖ "ኢንዴ" አልኩ። እናትሽ ማለት እንኳ አልቻልኩም፣ እናት ብቻ ብዬ ቀረሁ። በቃ እሱ ነው መርዶሽ። አንዲት ቃል ናት። ጮኸች። ባሏ ያዛት። አላስወደቃትም።

ሰዉ ተቀምጦ ልቅሶው ጋብ ሲል ጠየቅኋት። በምን አወቅሽ? አልኳት። "አንተን ሳይ ጠረጠርኩ" አለች። "እማዬ ብትኖር አንተ አትመጣም። ማሩን ስከፍት ቁርጤን አወቅሁ። እማዬ ሰፈፍ ልካልኝ አታውቅም።" ማሩን አላጠለልኩትም ነበር አስኩ። ከነሰፈፉ፣ ከነንቡ እግር ነው ባልዲ ውስጥ የገለበጥኩት። ማር ማጥለል ያንቺ ሥራ ነው፤ እኔ ወለላ ሆኖ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ነው የማውቀው። ድንበር ላይ ሁለት አገር የመረመረው ባልዲ፣ ማንም ሳያይ መርዶውን ተሸክሞ ገብቷል።

ታዲያ ለምን ማታውኑ አላለቀሽም? አልኳት። "ይህን ሁሉ መንገድ ለመንገር መጥተህ እንዴት ልቀማህ" አለችኝ።

በቀብርሽ ላይ አላለቀስኩም፤ ሰዉ ሲያማኝ ሰምተሽ ይሆናል። ያኔ አለቀስኩ። ለለቀስተኛው እጅ ውሃ የሚያፈሰው ሙዋንጊ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ መጥቶ እኔንም ወገቤን ያዘኝ። የተነገረው መርዶ የኔም ይመስለዋል። አላስለቀቅሁትም።

ልቅሶው ካበቃ በኋላ፣ ወደ አገርሽ እንሂድ፣ መቃብሯን እይ አልኳት። "እዚያ አሁን ማን አለኝ?" አለች። እኔ ፊቷ ተቀምጬ። ሙዋንጊ ደነገጠ፤ ቃሉን ባያውቅም ፊቴን አይቷል። እሷ የተናገረችውን አልሰማችውም። አልተቆጣኋትም። ለከርሞ መስቀል ትመጣ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ "እናያለን" አለች። እናያለን ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ሽማግሌ ያውቃል።

ልመለስ ስል ሙዋንጊ ያንን ሳህኑን ይዞ መስመሩ ላይ አቆመኝ። ለኔ ብቻ ውሃ አፈሰሰልኝ። ወዲህ አዞረው፣ ወዲያ አዞረው። ማታለል ይሁን እውነት አላውቅም። አንቺ ባለሽበት ውሃው ወዴት ይዞር ይሆን አልኩ በልቤ። ጨበጥኩት። ብዙ እንዳይመስለው ቶሎ እጄን ሰበሰብኩ።

መንገድ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። የመርዶ ነጋሪ መርዶ ማን ይነግራል? ሀብታሙ ባጃጁን ትቶ ያንን በረሃ አይሻገርም፤ ስልኩን ነው የሚያነሳው። ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ወርጄ ጋራዥ ተመለስኩ። አስር አለቃ፣ የኔን መርዶ አንተ ዘንድ ላስቀምጥ አልኩት። ምልክቱን ነገርኩት። "እኔ ብቀድምዎትስ?" አለኝ። የሚነገረው ዘመድ እንዳለው ጠየቅሁት። ማንም የለውም። እንግዲያው ለኔ አስነግር አልኩት፤ አለቅስልሃለሁ። ዘወር ብሎ ብረት መታ።

ተመልሼ ነጭ ሸሚዜን አውልቄያለሁ፣ ፂሜንም አሳድጌያለሁ። ሀብታሙንም አስምዬዋለሁ፤ ስሞት ስልክ አይነካም። ያልተጣራ ማር በባልዲ ከነሰፈፉ ለብርሃኑ ይልካል። ብርሃኑ ያንን ሲያይ ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስቦ ቤቷ ይሄዳል፤ ሙዋንጊም መያዝ ያውቃል አሁን።

እስከዚያ ግን ወለላ ነው የሚደርሳት። ትናንት ያንቺን ማጥለያ ሻሽ ከሣጥንሽ አወጣሁ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ጥፍጥፍ ሰፈፍ አልነቀልኩትም፣ ጣትሽ ያለበት ነው። ማድ ቤት ተቀምጬ አጠለልኩ። እጄ ወፍራም ነው፣ ብዙ ደፋሁ፤ ብታዪኝ ትቆጪኝ ነበር። ማሩ ሲወርድ ቀጭን ነው፣ አይቸኩልም። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ስምሽን ጠራሁት። ለሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። ዛፍ መውጣት ትቻለሁ፣ ይህን ግን አልተውም። አንዲት የንብ እግር እንኳ አላሳልፍም አስኩዬ፤ ዘውዴ ጠርሙሱን ስትከፍት፣ አባዬ ገና አለ እንድትል።

ባልሽ ገብሬ
ቦንጋ